ከብስኩቱ ዜማ ሌላ

እኔን ያቃጠለኝ ሳቃቸው ነው። ሰው ሙት ላስታውስ ብሎ ተሰብስቦ ይስቃል እንዴ?

የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሲኞራ የምላቸው፣ እንግሊዛዊት ናቸው። ባለቤታቸውም እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለትልልቅ ኦርኬስትራ ሲጽፉ ኖረው እዚሁ ሮም አረፉ። ታዲያ የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው በምን መሰላችሁ? በብስኩት! በችግራቸው ጊዜ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሠሯት አንዲት አጭር ዜማ አለች። መድኃኒት ሻጩ ሲኞራን ባየ ቁጥር እሷን ያፏጫል፤ የፎቃችን ዘበኛም ያፏጫል። ሌላውን ሥራቸውንስ ብትሏቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እንግሊዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሙዚቃ ያለው ይላሉ። ሙዚቃ ከሰማይ ለእነሱ ለጣሊያኖቹ ብቻ የወረደ ይመስላቸዋል! እኔም ነገሩ ደርሶብኛል። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስል "አሃ፣ ሩጫ!" ይሉኛል። እኔ እኮ አውቶቡስ እንኳ ሮጬ ይዤ አላውቅም።

ሲኞራ የሚወዱት ግን ሌላ ነው፤ ሲጋቡ ሟቹ ለእሳቸው የጻፉላቸውን ቀስ ያለ ሙዚቃ። የተቀዳ ነገር የለውም። ድሮ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በፒያኖ ይጫወቱልኝ ነበር። አሁን ጣቶቻቸው ተቆልምመዋል፤ ይባስ ብሎ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን፣ ቀጥሎ የሰፈሩን ስም፣ ቀጥሎ የእኔን። አንድ ቀን እጄን ያዙና "ሳልረሳው አንድ ጊዜ ልስማው" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ፒኜቶ ሰፈር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለሟቹ መታሰቢያ ኮንሰርት ሊዘጋጅ ነው ሲባል እኔው ኖታውን ይዤ ሄጄ ያን ሙዚቃ እንዲጫወቱት የኦርኬስትራውን መሪ ለመንኩት። "ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ መጨረሻ ላይ እንጫወተዋለን" ብሎ ቃል ገባልኝ።

እሑድ ከሰዓት የዕረፍቴ ሰዓት ነው፤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጓደኞቼ ይጠብቁኛል። ቀረሁባቸው። ሲኞራን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አልብሼ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ትራም ላይ አሳፍሬ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቁኝም።

ከፊት ተቀመጥን። መሪው ተነሥቶ ስለ ሻይና ስለ ዝናብ ቀለደ፤ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ያቺን የብስኩት ዜማ አስጀመረ። አዳራሹ አብሮ ዘፈነ። "ይደገም!" አሉ፤ ደገመ። እንደገና "ይደገም!" አሉ፤ ሠለሰ። ብስኩትም አደሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ! በዚሁ ሰዓቱ አለቀና ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። መሪው ዘንድ ሄጄ "ቃልዎስ?" አልኩት።

"አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሰዉ ደስ ይበለው ብለን ነው። ያኛውን ማን ያውቀዋል?"

"ሳትጫወቱት ማን ይወቀው! እኛ አገር ለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ሙያ ሁሉ ታነሣለች፤ አንዷን መዝዛ አትቀልድበትም።" እርስዎ ያልኩትን ሰውዬ አንተ አልኩት። "አንተስ ብትሞት፣ ያ ብስኩት አዳይ ቢሉህ ደስ ይልሃል?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! ወደ ሲኞራ ስመለስ ብስኩታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "አሁን ነው የሚጀምሩት?" አሉኝ። ኮታቸውን አለበስኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ያቺው የብስኩት ዜማ ናት።

"ደስ ትላለች" አሉኝ። "የማን ናት?"

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። "የባለቤትዎ ናት" አልኳቸው።

"የሱ?" ብለው ትንሽ አሰቡ። "ሌላስ የጻፈው ነገር አለ?"