በላሊበላ ውኃ በዘጠና ሁለት ይፈላል

ከላሊበላ የወጣሁ ለት አመሻሽ ላይ አባቴ አልመረቁኝም። "አንተን ያስወጣህ አፍህ ነው፤ እሷን ግን እንዳታስለምድብኝ፣ አደራ" ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። እሷ ያሏት እህቴን ስንዱን ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ እንደኔው ኬሚስትሪ ሲባል ነፍሷን አታውቅም። እስከ አይሱዙው ድረስ ሸኘችኝና በሶውን እያቀበለችኝ፣ "እውነት ግን ቴርሞሜትሩ ስንት ላይ ነው የቆመው?" አለችኝ። "ዘጠና ሁለት" አልኳት። መኪናው ተነሳ። ጋሸና ላይ ሌላ መኪና እስክናገኝ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ ወገኖቼ፣ እንደዚያ ለት ፈርቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጃችን ውስጥ አንድ ለአምስት የሚባል ነገር ነበር። "ተረዳድታችሁ ተማሩ" ተብለን አምስታችን በአንድ ጎበዝ ተማሪ ሥር ተደለደልን፤ ጎበዙ ያስጠናናል፣ የተናገርነውንም ወደ ላይ ያደርሳል። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ለኩ ተባልን። ውኃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ ዘጠና ሁለት ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። መሪያችን፣ "መጽሐፉ መቶ ይላል፤ መቶ ብላችሁ ጻፉ" አለ። አራቱ ጻፉ። እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። ከፍ ያለ አገር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ ከመቶ በታች እንደሚፈላ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ያመንኩት ዓይኔን ብቻ ነበር። ግምገማ ላይ "የቡድን መንፈስ የለውም" ተብዬ ስነሳ ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ "እዚህ አገር ቴርሞሜትርም የመናገር መብት የለውም" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። የሳቁትም መሰከሩብኝና ታሰርኩ። ከእስር ስወጣ ኮሌጁ አባሮኝ ቆየኝ።

መተማን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያን አልተርክላችሁም። ባሕሩ ላይ ግን ትከሻዬን ተደግፎ የተኛ አንድ የቆቦ ሰው ነበር። ስንደርስ አልነቃም።

ሆላንድ ገባሁ። አገሩ ከባሕር በታች ነው ቢሏችሁ እመኑ፤ ዳገት የሚሉት ድልድይ ነው። ከአሸተን ማርያም ግርጌ ላደገ ሰው ዓይን ማሳረፊያ የለውም። እናቴ ግማሽ ቀን የምታንተከትከው ባቄላ እዚህ ዞር ሳትሉ ይበስላል፤ ጣዕሙ ግን የለም።

ጥገኝነት የጠየቅሁ ለት መኮንኑ "ለምን ተሰደድክ?" አለኝ።

"በቴርሞሜትር ምክንያት።"

ቶልክ የሚሉት አስተርጓሚ ያገሬ ልጅ ነበር። ወደኔ ዞሮ፣ "ወንድሜ፣ ይህንን አልተረጉምልህም፤ ይመልሱሃል። በፖለቲካ ነው በል" አለኝ።

"ፖለቲካው እኮ እሱ ነው!"

መኮንኑ ሁለታችንን አፈራርቆ አየንና ውኃ ይምጣላቸው አለ።

ወረቀት አግኝቼ፣ ቋንቋቸውን ተምሬ ኮሌጅ ገባሁ። ፕራክቲኩም በሚሉት የላቦራቶሪ ትምህርት መምህርቷ እንደኛ አገር እንዲህ አድርጉ የሚል ማኑዋል አልሰጠችንም። አራት አራት አድርጋ አስቀመጠችንና፣ "ውኃ የሚፈላበትን ዲግሪ ምን ይለውጠዋል? ተወያዩ፣ ሞክሩ፣ ራሳችሁ ድረሱበት" አለች። ቀጥላ "በመጨረሻ እርስ በርስ ትገማገማላችሁ" ስትል ደብተሬን ዘጋሁ። እኔ ስሰደድ ለካ ግምገማው ቀድሞኝ ደርሷል!

ዝም አልኩ። ውኃው እዚያ በእርግጥም መቶ ላይ ፈላ፤ እሱንም ሳይ ዝም አልኩ። ሳነ የምትባል የቡድናችን ልጅ "አንተ ምን ይመስልሃል?" ባለችኝ ቁጥር በሆዴ "ለማን ልታደርሺው ነው?" እላለሁ። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። በኋላ መምህርቷ ለብቻዬ ጠራችኝ።

"ካልተናገርክ ላሳልፍህ አልችልም።"

"እኔ የተባረርኩት በመናገሬ ነው።"

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች።

ከዚህም ልባረር ነው ብዬ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ "እኛ አገር ዘጠና ሁለት ላይ ይፈላል" አልኩ። የሳቀ የለም። ሳነ "እንዴት እናረጋግጠው?" አለች። ተመካከርን፤ ውኃውን ጠርሙስ ውስጥ ዘግተን አየሩን በፓምፕ እየሳብን ብናሞቀው ዘጠና ሁለት ላይ ተንተከተከ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ደስታ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። ይህችን አንዲት ጥያቄ አገሬ ላይ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ በረሃ ምን ያስረግጠኝ ነበር?

በማግስቱ ስንዱ ደወለች። አሁን እኔ የተባረርኩበት ኮሌጅ ገብታለች።

"ወንድምዬ! ዛሬ ላቦራቶሪ ገብተን ለካን፤ ዘጠና ሁለት! ልክ አንተ እንዳልከው!"

"ጻፍሽው?"

"ነገ ነው የምናስረክበው። የቡድናችን መሪ መቶ በሉ ብላናለች።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ምን ልጻፍ?"

ከኋላዋ የአባቴ ሳል ተሰማኝ። እየሰሙ ነው።

"መቶ ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

"አንተስ እዚያ ስንት ላይ ፈላልህ?"

"መቶ ላይ።"

አልዋሸሁም። ከባሕር በታች ውኃ በመቶ ነው የሚፈላው።

አባቴ ስልኩን ተቀበሏት። የወጣሁ ለት የነፈጉኝን ምርቃት ያን ቀን አወረዱልኝ። "ተባረክ ልጄ፣ አሁን ገና ልብ ገዛህ፤ ለአገርህ መሬት ያብቃህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ስንዱን መልሰው እንዲሰጡኝ ብለምናቸው፣ "ደብተሯን ይዛ ወጥታለች" አሉኝ።