የሐጂ እንድሪስ ፎቅ ሰያፍ መቀመጫዎች

ባለፈው ጥቅምት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ለምሳ ሸዋ ሮቢት ቆመ። ሾፌሩ «ሠላሳ ደቂቃ» ብሎ ወረደ። ካራቆሬን ካለፍን ጀምሮ፣ እዚህ ከተማ ላይ ከወንበሬ ላልነሳ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሃምሳን የተጠጋ ሰው ፊኛ ግን ቃል አያከብርም። ወረድኩ። ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ አፍ ፊቴን ሲገርፈኝ እየተራገምኩ፣ ከፊት ለፊቴ ወዳለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ገባሁ። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም። ኮሪደሩን ጨርሶ በስተግራ ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ወረፋ ነበር። ከፊቴ የገባው ጎረምሳ ጉልበቱን እያሻሸ ወጣና፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው «ይኼን የሠራ መሐንዲስ ቁርጥማት ይያዘው» አለ። ቁርጥማቱ ከያዘኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ገባሁ። መቀመጫው እንደ ድሮው ሰያፍ ተተክሏል፤ አንዱ ጉልበቴ ከግድግዳው፣ ሌላው ከበሩ ተጋጨ። ከምድሩ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ያሉት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። መንገደኛው የሰካራም ሥራ ይመስለዋል። ሰካራም ቢሆን ይሻል ነበር።

ያኔ ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። አዲስ አበባ ካለ አንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ተቀጥሬ፣ የሰው ንድፍ ሳርም ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ አለቃዬ የመጀመሪያውን የራሴን ሕንፃ ሰጠኝ። ሸዋ ሮቢት መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ግማሽ ሆነ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ከዚያ ጉም ውስጥ ሆነን ቁልቁል ስናይ ቆላ ማለት ለእኛ ወባና ላብ ነበር፤ ሰዉንም ከሙቀቱ አንለየውም። ሞኝነት መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ዲግሪ የያዘ ሞኝ ነበርኩ፤ ዲግሪ የያዘ ሞኝ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ባለ ሥራው ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ። ቦታቸው ከዋናው መንገድ ዳር፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። አባታቸው ከአፋር በግመል የመጣ ጨው ያራግፉበት የነበረ ቦታ ነው። የከተማው አስተዳደር የመንገድ ዳር ባለ ይዞታዎችን ሁሉ ሰብስቦ፣ እስከ መጪው ሰኔ ሠላሳ ቢያንስ ምድሩንና አንደኛ ፎቁን አጠናቆ፣ የመሐንዲስ ፊርማ ያለበት ማረጋገጫ ያላመጣ ቦታውን ይነጠቃል ብሏቸዋል። ሐጂ ታዲያ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው ፎቅ ሊሠሩ ተነሱ። ምድሩ ሱቅና ምግብ ቤት፣ አንደኛው ለባንክ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለቢሮ የሚከራይ።

ቦታውን ልለካ የወረድኩ ቀን፣ የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘችልኝ የሐጂ ልጅ ዘሐራ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። የአባቷን መጋዘን የምታስተዳድረውም፣ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር የምትጨቃጨቀውም እሷ ነበረች። ለክተን ስንጨርስ ሐጂ ጥንቅሽ ሰብረው ሰጡኝ። መላጡን እንጂ መምጠጡን አላውቅበትም ነበርና ዘሐራ ሳቀችብኝ። እሱንም ቂም ያዝኩት።

«ሱቁንም ቢሮውንም እንደ መሰለህ አድርገው» አሉኝ ሐጂ። «እኔ ፎቅ አላውቅም። አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርህ።» እጃቸውን ወደ ሰሜን፣ መንገዱ ወደ ካራቆሬ ወደሚሄድበት ዘረጉ። «ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላችን ወዲያ ነው። መጸዳጃው ላይ የሚቀመጥ ሰው ወደዚያ ፊቱንም ጀርባውንም እንዳይሰጥ። በኛ ነውር ነው፤ ወንጀልም ነው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ቀላል ነው ሐጂ» አልኳቸው።

«እንዳትረሳው ጻፈው።»

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የቦታውን ንድፍ የሳልኩበት ገጽ ላይ ቀስት ሳልኩ። ከሥሯ «ቂብላ፣ ሽንት ቤት ወደዚህ አይዙር» ብዬ ጻፍኩ። ዘሐራ ሜትሩን እየጠቀለለች በትከሻዬ በኩል አየችው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስነድፍ፣ ደረጃውንና ሽንት ቤቱን የያዘው ክፍል አልገባ አለኝ። የሱቆቹን ስፋት ይበላል። አንድ ቀን ክፍሉን እንዳለ ሩብ ዙር አዞርኩትና ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የፊት ሱቆቹ ሰፉ፣ ኮሪደሩ ቀና። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መቀመጫዎቹ ግን አብረው ዞረው ፊታቸውን ለሰሜን ሰጡ። ረስቼው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። ቀስቷ ትዝ አለችኝ፤ «ማን ኮምፓስ ይዞ ሽንት ቤት ይገባል» አልኩና ማኅተሙን መታሁበት።

ሥራው ተጀመረ። እኔም በየወሩ እየወረድኩ እቆጣጠር ነበር። የወለሉ ኮንክሪት፣ ሶሌታው፣ ተሞላ፤ የፍሳሹ ቧንቧም አብሮ ተቀበረ። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቀትር፣ ከመኪና ወርጄ ስገባ ምድሩ ላይ ያሉት መቀመጫዎች ተተክለዋል። ሁሉም ሰያፍ ናቸው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ፎርማኑን ማነቅ ነበር።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

በአገጩ ወደ ኋላዬ አመለከተኝ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ ልጄ። ቀጥ ብሎ ቂብላ ላይ ነበር። ቧንቧው ተቀብሯል፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፣ ጨርሶ ማዞር አይቻልም አለኝ ፎርማኑ። ፈቀቅ ካለ ይበቃናል ብዬ ነው።»

«ሕንፃ የሚሠራው በንድፍ ነው ሐጂ። ንድፉ እንዲህ አይልም።»

«ንድፉ ተሳስቷላ።»

በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው ያሉት። አነጋገራቸው ክፉ አልነበረም፤ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነበር ያሉት። አንዱ ልስን ሠራተኛ ሲስቅ ግን ሰማሁት። ስህተቱ የኔ ነው ካልኩ አለቃዬ ያባርረኛል። ያንን ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እኒያ ጢማቸውን ቀይ የቀቡ እህል ሻጭ እኔን ማረማቸው አንገበገበኝ። ጠላኋቸው። ሰው የበደለውን ሰው እንደሚጠላው አድርጌ ጠላኋቸው።

«እንግዲያው ፊርማውንም ከሌላ ይፈልጉ» ብያቸው ወጣሁ። ከሌላ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ንድፉ ላይ ማኅተም የመታው ሰው ካልፈረመ አስተዳደሩ ማረጋገጫ አይሰጥም።

ግንቦት አለቀ። ዘሐራ ቢሮ ድረስ ስልክ ደወለች፤ የለም አስባልኩ። ሰኔ ገባ። ሐጂ በመጨረሻ ደብረ ሲና ወላጆቼ ቤት ሽማግሌ ላኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ወንድይራድ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አባቴንም ያስተማሩ ነበሩ። እሳቸውን እምቢ ማለት በኛ ቤት አይታሰብም። እሁድ በአሥር ሰዓት ሐጂ መጋዘን በረንዳ ላይ እንድንገናኝ ተቆረጠ።

ስወርድ ማስታወሻ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አርማንያ ስንደርስ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ደብተሩን አወጣሁ፣ ቀስቷ ያለችበትን ገጽ ቀደድኩ፣ በመስኮት ጣልኩት። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ «ወረቀትህ ወደቀ» አለችኝ። «አይጠቅምም» አልኳት።

በረንዳው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ፓፓያ ተቆርጦ ቀርቧል፣ ማንም አልነካውም። ዘሐራ የመጋዘኑን በር ተደግፋ ቆማለች። ጋሼ ወንድይራድ ነገሩን አቀኑት።

«ሐጂ ከመጀመሪያው ነግሬዋለሁ፣ ጽፎታልም ይላሉ። ነግረውህ ካጠፋህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ሳይነግሩህ ንድፍህን ነክተው ከሆነ ጥፋቱ የሳቸው ነው። አጭር ነገር ነው። ነግረውሃል?»

«አልነገሩኝም» አልኩ።

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በአገሩ ወግ የቀረው መሐላ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ቁርአን ይምጣና ሐጂ ይዘው ነግሬዋለሁ ይበሉ፣ እኛም አምነን በመሐንዲሱ እንፍረድ አሉ። ይምላሉ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ።

«አልምልም» አሉ። «አላህን ለሽንት ቤት ምስክር አልጠራም።»

«ሐጂ፣ ቦታዎ ነው እኮ» አሉ ጋሼ ወንድይራድ።

«ቦታው የአላህ ነው። ከፈለገ ይውሰደው። እኔ ስሞት ፊቴን ወዲያ አዙረው ነው የሚያስተኙኝ። ያን ጊዜ ቁርአኑን በምን ነገር ይዤ እንደነበር ብጠየቅ ምን እላለሁ?»

ዘሐራ ከበሩ ተነጥላ ወደ እኛ አንድ እርምጃ ተራመደች። አባቷ እጇን ያዙና ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። ለሌሎቹ አልተሰማም። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ።

«ተይ ልጄ። ሁለተኛ እንዲዋሽ አታድርጊው።»

ሐጂ አልማሉምና ተረቱ። ፍርዱ፣ የሰው ንድፍ ሳያስፈቅዱ ስለነኩ ይቅርታ ይጠይቁኝ፣ እኔም ልፈርም ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼው ነው። ሐጂ ተነሱ። እኔ ተቀምጫለሁ። «አፉ በለኝ ልጄ» አሉኝ። በዚያ አገር እንዲህ የተባለ ሰው «አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ ይበሉኝ» ብሎ ይመልሳል። እኔ «ችግር የለም» አልኩ። እዚያው ጉልበቴ ላይ ፈረምኩላቸው። ወደ መኪናው ስሄድ አንድ ኩንታል ማንጎ አስጭነውልኛል። ደብረ ሲና ሳልደርስ ለረዳቱ ሰጠሁት።

ቦታው ተረፈ፣ ፎቁም አለቀ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕንፃ ሠራሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ወጊውም ሳይረሳ እንደሚኖር ግን ተረቱ አይናገርም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ንድፍ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ሽንት ቤቱን ነው፤ ቢሮ ያሉት ልጆች ለምን እንደሆነ አያውቁም፣ ይስቁብኛል።

ባለፈው ጥቅምት እጄን ታጥቤ ስወጣ፣ ምግብ ቤቱ ባንኮኒ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሒሳብ ትቀበላለች። አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ፤ እጇ ላይ ያለው ብር መልሱ ሳይሰጥ ቆመ።

«ዘሐራ» አልኩ። «ሐጂስ?»

«ሞተ። ስድስት ዓመት ሆነው።»

ሳላስበው ከአፌ የወጣው ያኔ የነሳኋቸው ቃል ነው። «አፉ በይኝ» አልኳት።

ለደንበኛው መልሱን ሰጠች። መነጽሯን አወረደች።

«መቀመጫዎቹ ይቃኑ ሲሉን ስንቴ እምቢ አልን መሰለህ» አለች። «አባቴ በሕይወት እያለም ከሞተም በኋላ። መንገደኛ ይሰድበናል፣ እንሰደባለን። ያን ቀን ስትጽፍ አይቼሃለሁ። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን መጥተህ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። እሱም ይጠብቅ ነበር፤ ባይናገርም አውቃለሁ።»

«ዛሬ መጣሁ።»

«ሽንትህ ነው ያመጣህ።»

እውነቷን ነው። አውቶቡሱ ውጭ ጥሩንባውን ነፋ።

«አፉ የሚለው ባለቤቱ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አለች። «መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሂድና እሱን ጠይቀው። ፊቱ ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጽፈኸዋል።»

ቀጣዩን ሰው ጠራች። ወጣሁ። ወደ መቃብሩ መሄድ እችል ነበር፤ ባጃጆቹ ደጁ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ለአዲስ አበባም ሌላ መኪና አይጠፋም። ሾፌሩ «አባት፣ አንተን ነው የምንጠብቀው» አለኝና ተሳፈርኩ። ያኔም ሸሸሁ፣ ዛሬም ሸሸሁ። ሰው በዕድሜ ይለወጣል የሚሉት ምን ዓይተው እንደሆነ እንጃ።

አውቶቡሱ የደብረ ሲናን ዳገት ሲጀምር ጀርባዬን ለሰሜን ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተበየደ ነው፤ አይዞርም።