ለላክሮስ ክለብ ሽማግሌ የላክሁ ለት

እዚህ ኖርዌይ፣ አልናብሩ የሚባል ሰፈር ካለው ጋራዣችን ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ይዤ የወጣሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የልጆች ስፖርት ቡድን ስዊድን ማድረስ ነበር። ልጆቹ ጫፉ ላይ መረብ ያለው ዱላ ይዘው መጡ። እየተቀበልኩ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ደረደርኩና አሠልጣኙን፣ "ሐይቁ ሩቅ ነው?" አልኩት። ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሄዱ ነበር የመሰለኝ። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጨዋታው ላክሮስ እንደሚባል፣ ኳሷን በመረቡ እየቀለቡ ጎል እንደሚያስገቡ አስረዳኝ። እኔም በኖርዌጅኛ "ያ፣ ያ" (አዎ፣ አዎ) ብዬ እንደገባው ሰው መሪዬን ጨበጥኩ።

ሥራውን ያስለመዱኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በጋራዡ ውስጥ በአገልግሎት ዘመን እሳቸውን የሚቀድም ሹፌር አልነበረም። "ስትመለሺ አውቶቡሱን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "ስለዚህ ሰው ሲሳፈር ፊቱን አትዪ፣ እጁን እዪ። ቺፕስ ከያዘ አለቀልሽ።"

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን በመጥረጊያ መመዘን ያዝኩ። ሁለት የላክሮስ ክለቦችን ለዓመታት አመላልሻለሁ። ማልያቸው ቀይ የሆነው፣ ማዮርስቱን የሚባለው ሰፈር ልጆች ሲገቡ ጫማቸውን ያራግፋሉ፣ ሳይነገራቸው ቀበቶ ያስራሉ፣ ሲወርዱ አንዲት ፍርፋሪ አይተዉም። ዋንጫም ጭኜላቸው አውቃለሁ። አረንጓዴዎቹ ደግሞ የእኛው ሰፈር ልጆች ናቸው። የእነሱን ነገር ተዉት! ፈንዲሻ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ባለቤት የሌለው ካልሲ። አንዴማ ኬክ ከጣሪያው ላይ ፍቄያለሁ። ሲሄዱ ይዘፍናሉ፣ ተሸንፈው ሲመለሱ ይዘፍናሉ። ሲያሸንፉ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ገጥሞኝ አያውቅም።

ልጄ ሶልያና ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ያለንበት ሰፈር፣ አመሩድ፣ ከገባን ወዲህ ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏን የምትዘጋ ልጅ ሆና ነበር። ዋና አስገባናት፣ ተወች። ጊታር ገዛንላት፣ ተወች። አንድ ቀን የስፖርት መምህራቸው ላክሮስ አስሞክሯቸው ፊቷ በርቶ መጣች። "እማዬ፣ ክለብ ልግባ!" አለችኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ይሄንንም ከተወች በሩን ማን እንደሚያስከፍታት እንጃ።

"የክፍሌ ልጆች አረንጓዴዎቹ ጋ ናቸው" አለች።

"ኔይ፣ አይሆንም! እነሱን እኔ አውቃቸዋለሁ። ጠርጌያቸዋለሁ!"

ቀዮቹ ጋ መግባት ግን ቀላል አይደለም ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ ትልቅ ነገር ከሰው ቤት ሲፈለግ ደግሞ እኛ የምናውቀው መንገድ አንድ ነው። ጋሽ ሰይድን ሽማግሌ ይሁኑኝ ብዬ ለመንኳቸው።

"ሚስት ልትጠይቂ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ልጄን ተቀበሉልኝ ለማለት ነው።"

"አብሽሪ" አሉ። የእድራችንን ሰብሳቢ አቶ ታደሰን ጨምረው፣ ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ማክሰኞ ከሰዓት ልምምድ ሜዳው ዳር ቆሙ። እኔ የጉዳዩ ባለቤት ነኝና መታየት የለብኝም፤ መኪናዬ ውስጥ ዝቅ ብዬ አያለሁ።

የቀዮቹ አሠልጣኝ ለግላጋ ጎረምሳ ነው። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሮጦ መጣ። እጅ ነሱት። ወንበር አመጣላቸው፣ አልቀመጥ አሉ። ጉዳያቸው ሳይመለስ ሽማግሌ ይቀመጣል እንዴ! ወላጆች የሚሸጡትን ቮፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ በሳህን አመጣ፣ አልቀምስ አሉ። በዚህ መሐል ዝናቡ ወረደ። አሁንም ቆመዋል። ልጁ ጨነቀው፤ ጃንጥላ አምጥቶ እሱ ራሱ እየራሰ ለሁለቱ ይዞ ቆመ። ልምምዱ ቆመ። አንዲት እናት መኪናዬ አጠገብ መጥታ፣ "ሰው ሞቶ ነው?" አለችኝ።

ሽማግሌዎቼ ውሃ በጠጣ ልብሳቸው ተመለሱ።

"እሺ ብሎናል" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"ምን ብሎ?"

"ለማንኛውም ልጅ ክፍት ነው፣ መመዝገብ ብቻ ነው ብሎ።"

ሳቄን ዋጥኩት። ሰዎቹ ስለ ልጄ በስብሰዋል፣ ምን ብዬ ልሳቅ?

ሶልያና ቀይ ማልያ ለበሰች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቡድኑ ለውድድር ስዊድን፣ ጎተንቦርግ ሲሄድ ሹፌሯ እኔ ሆንኩ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ምሳዋን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ቀዮቹ ግን ያን ቀን ተሸነፉ። እኔም እነሱን ተሸንፈው ሳመላልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

የመልስ መንገድ ጀመርን። ያ ጃንጥላ የያዘው ደግ አሠልጣኝ ከእኔ በላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከፈተና የተሳሳቱበትን ቦታ ሁሉ እያቆመ፣ እየመለሰ ያሳያቸው ጀመር። ክፉ አይደለም፤ ሥራው መስሎት ነው። ሶልያና ኳሷን የጣለችበት ሦስቴ ታየ። በስፖኪዮ አየኋት። ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ አውርዳለች፣ ምሳዋ ጭኗ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። የሌሎቹንም አየሁ። አንድም የተፈታ ምሳ የለም።

ጋራዥ ስደርስ የሚጠረግ ነገር አልነበረም። መጥረጊያውን እንደያዝኩ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ። ለካ ይሄን ፍርሃት ነው ጨዋነት ስለው የኖርኩት!

ቤት ስንገባ ሶልያና፣ "እማዬ፣ ዱላውን እንሽጠው" አለችና ክፍሏን ዘጋች።

በበሩ ቀዳዳ ነው የለመንኳት። "የክፍልሽ ልጆች ጋ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ። ከዚያ ካልፈለግሽ ራሴ እሸጠዋለሁ።" "አንድ ጊዜ" አለች ከውስጥ።

ለጋሽ ሰይድ ስነግራቸው፣ "አሁን ደግሞ ለፍቺው ሽማግሌ ልትልኪን ነው?" አሉ። ለቀዮቹ ራሴ ደወልኩ። አሠልጣኙ በጨዋ ደንብ አሰናበተኝና፣ "ሁለቱ ሰዎች ደህና ናቸው? ጉንፋን አልያዛቸውም?" ብሎ ጠየቀኝ።

አረንጓዴዎቹን ይዤ የወጣሁ ለት እንደ ልማዳቸው ተሸነፉ፤ ያውም ክፉኛ። ሶልያና ኳስ ስትቀልብ ተንሸራትታ በቂጧ ወድቃለች። መንገድ እንደጀመርን ልጆቹ አወዳደቋን በየተራ እያስመሰሉ ይስቁ ጀመር። ኮፍያዋን ልታወርድ ነው ብዬ በስፖኪዮ ፈለግኋት። ወዲያው ከኋላዬ ማይክሮፎኔ ተነሳ።

"ክቡራን መንገደኞች" አለች የእኔው ልጅ፣ አማርኛና ኖርዌጅኛ እያደባለቀች። "አወዳደቄን በትክክል የሠራ ሰው የለም። አሁን ራሴ አስተምራችኋለሁ!"

"ቁጭ በይ! ቀበቶ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሹፌር ነኛ። እሷም ተቀምጣ በአፏ ቀጠለች። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ፈንዲሻ ዘነበ። በስፖኪዮ ሳያት አፏ በዳቦ ተሞልቷል። እንባዬ መጣ። መንገድ ማየት ስላለብኝ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

አልናብሩ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ውስጡን አይተው፣ "ያ ረቢ! ምን ሆናችሁ?" አሉ።

"ተሸነፍን" አልኳቸው። ሁለተኛ መጥረጊያ አመጡ።

ወላጆች ዛሬም የትኛው ክለብ ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። ዋንጫቸውን አትዩ እላቸዋለሁ። ተሸንፈው ሲመለሱ ልጆቹ ምሳቸውን ይበሉ እንደሆነ እዩ።