አረፍ ይበሉ ያልኩት ቀን

በጅማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የቡና ማድረቂያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ዘበኛችን ከአጋሮ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዓመት የእሳቸው ረመዳንና የእኔ ዐቢይ ጾም ተገጣጥሞ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ እንውል ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በርጩማቸው ላይ ሲያንቀላፉ አየኋቸውና፣ «አባባ፣ ገብተው አረፍ ይበሉ። ቡናውን እኔ አያለሁ» አልኳቸው።

እሳቸው ገቡ። እኔ ግን ከበሩ ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ኳስ ለማየት ወጣሁ። ዝናቡ ሲወርድ ጨዋታው አላለቀም ነበር። ስመለስ ከነገለባው የተሰጣው ጀንፈል ቡና ሸራ የሚያለብሰው አጥቶ ረጥቧል። የድርጅቱ ባለቤት መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ «ዘበኛው ተኝተው ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «አረፍ ይበሉ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ፣ ልጄ?»

«አላልኩም።»

በማግስቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

ከሆሳዕና በፊት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ለባለቤቱም እውነቱን ንገረው። ከዚያ ትቆርባለህ» አሉኝ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ «ፈጽሜያለሁ» አልኳቸው። ለፋሲካ ቆረብኩ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ እናቴ በደስታ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ክረምቱን ከቅዳሴ አልቀረሁም፤ ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ አልቆምኩም። በፍልሰታ የንስሐ አባቴ አስቆሙኝና፣ «ሽማግሌው እንዴት ናቸው? ሁለታችሁንም በጸሎት አስባችኋለሁ» አሉኝ።

«አልሄድኩም፣ አባቴ። ዋሽቼዎታለሁ።»

ቁጣ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን፣ «እንግዲያው ዛሬ ሂድ» አሉኝ።

በሚኒባስ አጋሮ ገባሁ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለካስ ብለኸኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ በሕልሜ የሰማሁት መስሎኝ፣ አርጅቻለሁ፣ ጭንቅላቴ ከዳኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰግጄ እንደሆነ እንኳ ልጄን እጠይቃታለሁ።»

ሴት ልጃቸው በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በሁለት እጃቸው አነሱኝ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። አላህም ይቅር ይበልህ። ግን ለሰውየው ንገረው። ስሜን መልስልኝ።»

በማግስቱ ለባለቤቱ በሠራተኛው ፊት ነገርኩት። ከተቆጣጣሪነት ወረድኩ፤ ዛሬ ቡና ከሚያገላብጡት ጋር ነኝ። ባለቤቱ ሽማግሌውን ቢያስጠራቸውም አልተመለሱም። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ሰግጄ ነበር ወይ ብለው መጠየቃቸውን አልተዉም። ይቅርታቸው እኔን አነሳኝ እንጂ እኔ የወሰድኩባቸውን አልመለሰላቸውም።

የንስሐ አባቴ አንድ ዓመት ከቁርባን እንድርቅ፣ በየቀኑም አርባ አንድ ጊዜ እንድሰግድ ቀኖና ሰጡኝ። «መጨረስ ቢያቅተኝስ?» አልኳቸው።

«የዛሬውን ስገድ። ስለ ነገው ነገ እንነጋገራለን።»

ገና አምስት ወር ይቀረኛል። አንዳንድ ጠዋት ጉልበቴ ሲዝል፣ ስግደቱ ቢጎድልስ ማን ይቆጥርብኛል እላለሁ። እንዲህ ማሰቤን ሳውቅ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።