የግመሉ ሻኛ አጥንት

“ጉልበት ወደ ኋላ አይታጠፍም፣ መምህርት። የመጽሐፉ ሥዕል ተሳስቷል።”

“ጉልበት አይደለም አልኩዎ እኮ። ተረከዝ ነው።”

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬን ይዤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ጠረጴዛው ላይ የግመል የኋላ እግር አጥንት ተዘርግቷል። በአንድ ወገን ርዕሰ መምህሩ አቶ መኩሪያ፣ በሌላው የባዮሎጂ መምህሯ እትዬ ዘሀራ ቆመዋል።

እትዬ ዘሀራ ጫማቸውን አወለቁና በእግር ጣቶቻቸው ቆሙ። ግመል ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው የሚሄደው አሉ። ተረከዙ ከመሬት ተነስቶ ሽቅብ ወጥቷል፤ እውነተኛው ጉልበት ሆዱ ሥር ነው ያለው፣ እሱም እንደ እኛው ወደ ፊት ነው የሚያየው። አቶ መኩሪያ የሴት ተረከዝ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ስለነበር ማስረጃው አመለጣቸው።

እኔ የተቀጠርኩት ግመል ሥጋ ቤት ስለሠራሁ ነው። ዲግሪ የለኝም። ግጥም እጽፋለሁ፤ እሱን ግን ማመልከቻዬ ላይ አላሰፈርኩም። ከዚያ በፊት ከሦስት ሥራ ሰልችቶኝ ለቅቄአለሁ፤ ይሄኛውን ግን ፈለግኩት። ሥራዬ ለእትዬ ዘሀራ ሙሉ የግመል አጽም ማቆም ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነው፤ ቋሚ የምሆነው አቶ መኩሪያ የምዘና ቅጹ ላይ ከፈረሙ ብቻ ነው።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሥጋው በቢላ ይፋቃል። አጥንቱ በርሜል ውስጥ በሳሙና ዱቄት በዝግታ ይቀቀላል። ከዚያ ጥላ ሥር ይደርቃል፤ የሮቢት ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ በመሰርሰሪያ ይበሳና በሽቦና በፒንሳ ይያያዛል። የሥራው ጠላቶች ውሻና ኮሚቴ ናቸው። ውሻ አጥንት ይወስዳል፤ ኮሚቴ ይጨምራል።

አንገቱ ላይ ስደርስ አጥንቱ ሰባት ብቻ ሆነብኝ። ያን የሚያህል አንገት በሰባት አጥንት! ጠፍቶብኛል ብዬ በርሜሉን ገለበጥኩ፣ አንድ ምስኪን ውሻ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ አሳደድኩ። ስመለስ እትዬ ዘሀራ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የፍየልም ሰባት ነው፣ የአይጥም ሰባት ነው፣ ያንተም ሰባት ነው አሉኝ። የግመል አንገት የረዘመው ያሉት አጥንቶች ረዝመው እንጂ አዲስ ተቀጥሮ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ከጣሪያው የወደቀች የሌሊት ወፍ ክንፍ ስንዘረጋ አምስት ጣት ሆነ። አምስት ቀን የታቀፈ የዶሮ እንቁላል ስንሰብር ክንፉም እግሩም ገና የምስር ክክ የሚያካክሉ እብጠቶች ነበሩ፤ የትኛው እንደሚበር፣ የትኛው እንደሚጭር ገና አልለየም። አህያ እግር ላይ ደግሞ በዋናው አጥንት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። የጥንት ጣቶች ቅሪት ናቸው፤ ሥራቸው ቢያልቅም ቦታቸውን አልለቀቁም። ይሄን ስሰማ ከቢሮ ቢሮ የሚዘዋወሩ የማውቃቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የመለያ ካርዶቹን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ላይ “የበረሃው ኩሩ አንገት” ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ዘሀራ “አንገት” የሚለውን ብቻ አስቀርተው መለሱልኝ። የእግሩ ካርድ ግን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበና “ጉልበት ወይም ተረከዝ፣ ውይይት ላይ ያለ” ተብሎ ጸደቀ።

ከበላይ ቢሮ ጎብኚዎች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀረው አቶ መኩሪያ አጽሙን ሁለት ጊዜ ዞሩት። እትዬ ዘሀራ ለልቅሶ ደብረ ሲና ወጥተው ነበር።

“ሻኛው የታል?”

ሻኛ ስብ ነው፣ አጥንት የለውም አልኳቸው። እሳቸው ግመል ሲያዩ ያደጉ ሰው መሆናቸውን፣ ሻኛ የሌለው ግመል ረጅም ፈረስ መሆኑን፣ ንብረት ጎደለ ቢባል የምጠየቀው እኔ መሆኔን ነገሩኝ። ከዚያ የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ቅጹ እዚያ ነበር።

ሠራሁት። ሽቦ አጠፍኩ፣ ጀሶ ለወስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለሙ ከሌላው እንዲመሳሰል ሻይ ቀባሁት። ግጥሞቼን ጨምሮ እንደዚያ ያማረ ውሸት ሠርቼ አላውቅም።

በዕለቱ ሁለቱ ጎብኚዎች በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው ገቡ። አንደኛው በተለይ የሻኛውን አጥንት አደነቀና በስልኩ ፎቶ አነሳው። ያን ጠዋት የተመለሱት እትዬ ዘሀራ ሻኛውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የወላጆች ተወካይ ሆነው የመጡት ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ ግመሉን ያረዱትም፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ አሠሪዬ የነበሩትም እሳቸው። ቀረብ ብለው ጀሶውን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

“ይሄን ግመል ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት በዚህ እጄ ነው” አሉ። “ሻኛውን ቆራርጬ ለግማሽ ከተማ ሸጫለሁ፤ ወላሂ፣ ጥርሱ የተሰበረ ሰው አልመጣብኝም። ይሄ መቼ በቀለ?”

አቶ መኩሪያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ረዳታችን ከመጽሐፍ አይቶ ነው የሠራው። አስረዳቸው እንጂ።”

መውጫው ተዘጋጅቶልኛል። መጽሐፍ ነው ብል ጎብኚዎቹ ያምናሉ፣ ቅጹ ይፈረማል፣ ልጆቹም ሻኛ አጥንት አለው ብለው ለፈተና ያጠናሉ።

“ጀሶ ነው” አልኩ። “እኔ ነኝ የሠራሁት። መጽሐፍ ላይ የለም፣ ግመሉም ላይ የለም።”

ፎቶ ያነሳው ጎብኚ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጓደኛው ምሳ እንዳይቀዘቅዝ አሳሰበ። ጋሼ ሰይድ መንገድ ላሳያችሁ ብለው ይዘዋቸው ወጡ፤ ሳቃቸው ከግቢው ይሰማ ነበር።

አቶ መኩሪያ ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እትዬ ዘሀራ ቅጹን ገፋ አድርገው ከሥሩ የእግሩን ካርድ ሳቡ፣ እስክሪብቶ አወጡና “ተረከዝ” ከሚለው ቃል በቀር ሌላውን ሁሉ ሰረዙ።

ከዚያ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው፤ የጎደለ ሲመስልህ መጀመሪያ ቁጠር፣ ከሌለ አትጨምር።

አቶ መኩሪያ ሻኛውን ከግመሉ ጀርባ ነቀሉት። ጀሶው የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው አሉና ብብታቸው ሥር ይዘውት ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።