እትዬ ትርፌና አርባኛው ነጥብ

እትዬ ትርፌ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ነበረች። ጌጃ ሰፈር ውስጥ በነበረ የልብስ ስፌት ማኅበር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከዚያ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ የራሷ ነበረች። ያቺን ደግሞ በቀበሌያችን ግቢ፣ ሁለት የብረት ምሰሶ በቆመበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እኛን ስታሯሩጥ ታሳልፋታለች።

«እንደተቀመጥኩ የምሞት መስሎኝ ነበር» አለችን አንድ ቀን። «ይቺ ሰዓት ባትኖር የስፌት መኪናው እግር ሆኜ እቀር ነበር።»

አሠልጣኛችን የሆነችው በስብሰባ ነው። የቀድሞው አሠልጣኝ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ቡድኑ ባዶውን ቀርቶ ነበር። እሷ ደግሞ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ለትምህርት ቤቷ ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። በመስከረም 1981 እጇን አውጥታ «እኔ ላሠልጥናቸው» ስትል አዳራሹ አጉረመረመ። የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ፍሰሐ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ ትርፌ፣ ሴት ወንዶችን ታሠልጥን የሚል መመሪያ አልደረሰንም።»

«አታሠልጥን የሚልስ ደርሶናል?»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ፍሰሐ ሳቅ ሲነሣ የሚያደርገውን አደረገ፤ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። ማንኛውም ቡድን በአንድ ጨዋታ አርባ ነጥብ ያገባብን ዕለት ጓድ ትርፌ ፊሽካውን ለኮሚቴው ታስረክባለች ተብሎ ተጻፈ። እሷም ፈረመች። ባለፈው ዓመት አምሳና ስልሳ ሲገባብን ስለነበር ሁለት ሳምንት የምትቆይ የመሰለው ሰው አልነበረም።

እሷ ግን ውሉን ተረድታዋለች። ውሉ አሸንፉ አይልም፤ አታስገቡ ነው የሚለው። ስለዚህ ያስተማረችን መከላከል ብቻ ነው። እጃችንን በልብስ መለኪያ ሜትር ወደ ኋላ ታስርና ጉልበታችንን አጥፈን በአጥሩ ጥግ ወደ ጎን እንድንሄድ ታዘናለች።

«እጅ ለሌባ ነው! መከላከል በእግር ነው!» ትላለች። «ዓይኑን አትዩ፣ ዓይን ይዋሻል። ትከሻውን አትዩ፣ ትከሻም ይዋሻል። እምብርቱን እዩ። እምብርት ባለቤቱን ጥሎ የትም አይሄድም።»

ሰፈሩ «እምብርት ጠባቂዎች» የሚል ስም አወጣልን። ይሳቅብን እንጂ ሠራልን። እስከ ጥር ድረስ ሠላሳ አምስት ያለፈብን ቡድን አልነበረም። ሊገጥሙን የሚመጡ ልጆች ሜዳ ሳይገቡ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ይጎትቱ ጀመር።

ከዚያ ግን መሸርሸር መጣ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነበር። ለማግባት አንድ ሰው ይበቃል። ለመከላከል ግን አምስቱም፣ ኳስ በጠፋ ቁጥር፣ እንደ አዲስ መስማማት አለባቸው። አንዱ ትንፋሹን ልሰብስብ ብሎ ከቆመ የአራቱ ላብ ከንቱ ነው። ደግሞ ማንም አያጨበጭብለትም። አብዱልፈታህ የሚባል ጸጉሩን ቀኑን ሙሉ የሚያበጥር ልጅ ነበረን፤ እሱ አንድ ሲያገባ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሻይ በቦምቦሊኖ ይጋብዘዋል። ጫማ ሠሪው ኑሪ የባላጋራውን ኮከብ አርባ ደቂቃ ሙሉ እንደ ጥላ ተከትሎ ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ ኑሪን የሚጋብዘው የለም።

«እትዬ ትርፌ» አላት ኑሪ አንድ ማታ ተማሮ፤ «አብዱልፈታህ ያገባው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እኔ ያስቀረሁት የት ነው የሚጻፈው?»

«ዛሬ የያዝከው ልጅ ፊት ላይ። ሂድና አንብበው!»

ኑሪ እውነትም ሄደ። ልጁ በር ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ያለቅስ ነበር። ኑሪ ጥርሱን እያሳየ ተመለሰና ሁለት ሳምንት ያለ ሻይ ሮጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የሰው ፊት ማንበብም ሰለቸው። የገባብን ሠላሳ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። ጓድ ፍሰሐ ጨዋታ ባለ ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥራል።

በዚህ ላይ ጾም ገባ፤ ያውም ሁለት። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ሚያዝያ ላይ ገጠሙ። ከአሥራችን ስድስታችን ሁዳዴ፣ አራቱ ረመዳን ያዙ። ለሜይ ዴይ ዋንጫ ወሳኙ ጨዋታችን ደግሞ ረቡዕ ሚያዝያ 11፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር የወደቀው። የሚገጥመን ከተክለ ሃይማኖት በኩል የመጣ፣ ረጃጅም ልጆች ያሉበት ቡድን ነው።

እትዬ ትርፌ የሸሚዝ ጨርቅ እንደምትቆርጥ ሰው ሌሊቱን ከቀኑ ለክታ እቅድ አወጣች። ኑሪና ሦስቱ ሱሁር የበሉት ከንጋት በፊት ስለሆነ የቀራቸውን ጉልበት በመጀመሪያው አጋማሽ ይጨርሱ። ክርስቲያኖቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲወጣ ይብሉ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ትኩስ ሆነው ይግቡ። ከአራቱ ጋር አምስተኛ ሆኜ የተጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ብበላም ባልበላም ሩጫዬ ያው ስለሆነ።

«በድሉ፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው» አለችው። በድሉ ልደታ ማርያም የሚያገለግል፣ እንደ በር ሰፊ የሆነ ዲያቆን ነው። «ዳቦ በሻይ። ከባድ ነገር እንዳትነኩ።»

በአሥር ሰዓት ሁላችንም ተሰበሰብን፤ እትዬ ትርፌም ከማኅበሩ ፈቃድ ጠይቃ ቀድማ ወጥታለች።

«በላችሁ?»

«በላን እትዬ» አልን ስድስታችን በአንድ አፍ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ተአምር ነበር። ኑሪና ጓደኞቹ ሰይጣን እንደሚያባርራቸው ሆነው ሮጡ። ከንፈራቸው እንደ አመድ ነጥቷል፤ እግራቸው ግን አይታይም። ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን የሚያቀብሉት አጥተው እርስ በርስ ይሰዳደቡ ጀመር። ሃያ አራት ለዘጠኝ! የጌጃ ሰፈር ሰው አጥር ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። ጓድ ፍሰሐ ጣቶቹን ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አምስቱ «ትኩሶች» ገቡ። በሦስተኛው ደቂቃ በድሉን ምሰሶውን ተደግፎ አየሁት። አንዱ ኳስ ለማንሣት አጎንብሶ እዚያው ቀረ። አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ ስድስት ገባብን። አንድ ጊዜ በድሉ ከተጋጣሚዎቻችን ረጅሙ ልጅ ፊት ቆሞ እምብርቱን ሲያይ የራሱ ሆድ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ረጅሙ ልጅ በሳቅ ፈርሶ ኳሷን አጥር አሻግሮ ወረወራት። በዚያ አጋማሽ በወጉ የተከላከልነው ያንን ብቻ ነው።

እትዬ ትርፌ እረፍት ጠየቀች። በድሉ ፎጣ ሊያወጣ ቦርሳውን ሲገለብጥ ስድስት ዳቦ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

በድሉ ጎንበስ ብሎ ይለቅማቸው ጀመር።

«በድሉ! በላን አላላችሁኝም?»

«እትዬ... ግቢው በር ላይ ስንደርስ ኑሪ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል። ከንፈሩ ደርቋል። እሱ እያየኝ እንዴት ብዬ ልጉረስ?»

«ዞር ብለህ አትበላም ነበር?» አለ ኑሪ ከመሬት ብድግ ብሎ። «አንተ ጉደኛ! እናንተ ከጠዋት ጀምሮ ስትሰግዱ ውላችኋል፤ ትንሽ ይረፉ ብዬ እኮ ነው ሳንባዬ እስኪወጣ የሮጥኩት! ይኸው መቆም አቅቶኛል!»

«ማን ሩጥልን አለህ?»

«አንተንስ ማን ጹምልኝ አለህ?»

እትዬ ትርፌ አንዴ ዳቦዎቹን፣ አንዴ እኛን አየች። ትጮህብናለች ብለን ስንጠብቅ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ሳቀች። ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «የልብስ ልክ እንጂ የይሉኝታን ልክ መች አወቅሁ!» አለች። ሳቋ ያዘን። በባዶ ሆድ የጀመረ ሳቅ ደግሞ አይቆምም፤ ዳኛው ሁለቴ ነፍቶ ነው ወደ ሜዳ የመለሰን። መቆም ባቃታቸው ሦስት ልጆች ፈንታ ኑሪ፣ አብዱልፈታህና እኔ ገባን።

አንድ ደቂቃ ከግማሽ ሲቀር እነሱ ሠላሳ ስምንት፣ እኛ ሠላሳ ሰባት ነበርን። ኳሷ እነሱ እጅ ናት። እየተቀባበሉ ጊዜ ይገድላሉ፤ ደርሶ የሚነጥቃቸው እግር አልነበረንም። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። እንዲህ ካለቀ ዋንጫው ይሄዳል፤ ፊሽካው ግን ከእሷ ጋር ይቀራል። ቃለ ጉባኤው የሚለው አርባ ነው እንጂ ስለ ሽንፈት ምንም አይልም።

ጓድ ፍሰሐ እጁን ከኪሱ አወጣ።

እትዬ ትርፌ ከመስመሩ ዳር ቆማ ነበር። ፊሽካውን በጣቶቿ ስትዳብስ አየኋት። ከዚያ ጮኸች፤ «በሩን ክፈቱላቸው!»

«እትዬ?» አለ ኑሪ። ከድንጋጤው የተነሣ ቆመ።

«ዞር በሉላቸው እላችኋለሁ! ያግቡና ኳሷን ውሰዱ! አብዱልፈታህ፣ አንተ ከዚያኛው ቅርጫት ሥር ንቅንቅ እንዳትል!»

ዞር አልን። ረጅሙ ልጅ የተከፈተውን መንገድ አይቶ አላስቻለውም፤ ብቻውን ገብቶ አገባ። አርባ። አጥር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጓድ ፍሰሐ ዞረ። በዚያች ቅጽበት በድሉ ኳሷን አንሥቶ ሜዳውን አሻግሮ ወረወራት። አብዱልፈታህ ብቻውን ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ። እነሱ ገና ደስታቸውን ሳይጨርሱ ኑሪ ከየት እንዳመጣው በማላውቀው ጉልበት መሃል ገብቶ ኳሷን ነጠቀና ለአብዱልፈታህ አቀበለው። አርባ አንድ ለአርባ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሰው በሰው ላይ ነበር። በድሉ ኑሪን ተሸክሞ ሲዞር ሁለቱም ወደቁ። የሻይ ቤቱ ባለቤት «ለኑሪ ነው፣ ለኑሪ!» እያለ ጾመኛው ገና የማይጠጣውን ሻይ ይዞ ይሯሯጣል።

በዚያ ግርግር መሃል እትዬ ትርፌ ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ጓድ ፍሰሐ ፊት ቆመች።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ፈርሜያለሁ። ይኸው።»

«አሁን እንኳ... አሸንፋችሁ...»

«አርባ ገብቷል። አንተም ቆጥረሃል።»

ቃለ ጉባኤ ነውና ተቀበላት። እጁ ላይ ይዞት እንደ ትኩስ ድንች የሚያስቀምጥበት አጣ። እሷ ወደ እኛ ተመለሰች። አዛን እስኪል ማንም ዳቦዎቹን አልነካም፤ ሲል ግን ስድስት ዳቦ ለአሥራ አንድ ቆረሰች።

ሐሙስ ልምምድ ላይ ጓድ ፍሰሐ በቱታ መጣ። ነፋ። ቆምን። እንደገና ነፋ። «አሁን ምን እናድርግ?» አለው ኑሪ። ጓድ ፍሰሐ ፊሽካውን አገላብጦ አየና «እንደ... እንደ ወትሮው ቀጥሉ» አለ። እኛም እንደ ወትሮው እትዬ ትርፌ እስክታዘን መሬት ላይ ተቀመጥን።

አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስፌት ማኅበሩ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ያየው ሰው አለ።

«ጓድ ትርፌ፣ በውሳኔው መሠረት ፊሽካው በኮሚቴው እጅ ይቆያል» አላት። «የሚነፋውም ኮሚቴው ነው። መቼ እንደሚነፋ ግን አንቺ ትነግሪናለሽ።»

እሷም የክር ብናኙን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ተከተለችው። እስከ ክረምት ድረስ ጎን ለጎን ቆመው አሠለጠኑን። እሷ በክርኗ ጎኑን ጎሸም ታደርገዋለች፣ እሱ ይነፋል። አንዳንዴ ዘግየት ካለ ጠንከር ታደርገዋለች፤ ያኔ ፊሽካው ከመጮኹ በፊት እሱ ይጮኻል።