አንድ ዓመት የጎደለው የአቶ ብዙነህ መዝገብ

በ1972 ዓ.ም. ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ከነበርነው ስደተኞች መካከል አቶ ብዙነህን የሚያምን አልነበረም። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሸሽተው መጡ። ከዚህ ሌላ ስለ ራሳቸው አያወሩም። ሰው ሲገባባቸው የሚጽፉበትን ደብተር ይዘጋሉ።

ጥገኝነት አፕላይ አድርገው ስለነበር፣ ማኅበራችን እንደሚያውቃቸው የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል። ያለዚያ ወደ አገር ሊመለሱ ይችላሉ። ሊቀመንበራችን ዳኛቸው ከእሑዱ ስብሰባ በፊት ጠራኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ሲጽፉ ይውላሉ። የማናችንን ስም ይሆን ለደርግ የሚጽፉት? አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ አይጠረጥሩሽም።»

ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸው የተዘረጋው ወፍራም መጽሐፍ የአንዲት የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ የአገልግሎት ታሪክ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 ተሠራች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደብ ጠበቀች፤ በ1920 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እሳቸው ወደ አማርኛ እየመለሱ ይገለብጣሉ።

«አንቺን ላኩብኝ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ፊቴ ጋለ። «ለምንድን ነው የሚገለብጡት?»

«የአገልግሎት መዝገቤን ስሸሽ አቃጠልኩት። እዚህ ደግሞ ጥገኝነት ሰጪዎቹ ያገለገልከውን ዓመት በዓመት ጻፍ ይሉኛል። አጻጻፉን ከሷ እየተማርኩ ነው፣ ልጄ።»

ደብተሩን ገልጠው የራሳቸውን አሳዩኝ፤ የተቀጠሩበት፣ ማዕረግ ያገኙበት ቀን። በእኛ አቆጣጠር 1969 ላይ ግን «ጥገና ላይ» ብቻ ይላል። ሰርጓጇም አንድ ዓመት እንዲሁ ተጽፎላታል።

«ሰው ይጠገናል እንዴ?» አልኳቸው።

ደብተሩን ዘጉት።

እሑድ ዳኛቸው በሁሉ ፊት «እህ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «ስለ አሮጌ መርከብ ነው። የራሳቸው መዝገብ ግን አንድ ዓመት ይጎድለዋል።»

«አላልኳችሁም! ጓድ ብዙነህ፣ ያን ዓመት የት ከረሙ?»

አቶ ብዙነህ ተነሡ። «እስረኛ በጀልባ አመላልስ ነበር። ስድስት ወር። ሊገድሏቸው እንደሚወስዷቸው ሳውቅ ጠፋሁ።»

ከዚያ ዳኛቸው ደብዳቤውን ወደ እሳቸው ገፋ። «ይህን በገዛ እጅዎ ይጨምሩበት። ከጻፉት እንፈርማለን።»

ጻፉ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሁሉም ፈረመ። በመጨረሻ እኔ ጋ ሲደርስ «ስድስት ወር» የምትለዋን ሁለቴ አነበብኳት። ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው፤ የቀሩት ሰባቱስ? ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ወለሉን ያያሉ።

ወረቀቱን ሳልፈርም ለዳኛቸው መለስኩለት። እሱም ምንም ሳይጠይቀኝ አሸገው።